የዘጋሁት ሰው

የልጅ ልጆቼ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ባለፈው ፋሲካ እዚህ አሜሪካ፣ ሴንቴኒያል በሚባለው ከተማ፣ ትልቁ ልጄ ቤት ተሰብስበን ሳለ ትልቋ ስልኳን አፌ አጠገብ አስደግፋ፣ «እማማ፣ ያን ሽበታም ሰውዬ ለምን ነበር የዘጋሽው? ስድስት ዓመት! ፎር ሪል፣ ስድስት ዓመት?» አለችኝ። ታናሿ ደግሞ ዳቦዋን እያኘከች፣ «ሺ ክሎዝድ ሂም፣ ላይክ ኤ ዶር» አለች፤ እንደ በር ዘጋችው ማለቷ ነው። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ልጅቷ አማርኛውን ስለማታውቀው የቀለደችው ቀልድ የነገሩን ልብ ነካብኝ።

እሺ አልኳቸው። ግን በአፌ ብነግራችሁ ግማሹን ስልካችሁን እያያችሁ ታሳልፉታላችሁ፤ ልጻፈው። ትምህርት ቤት ደጁን ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ አስጠናለሁ እያልኩ ነው። እና አጻጻፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። ደግሞ አንድ ነገር ልበላችሁ፤ የምጽፈው ያኔ የማውቀውን ያህል ብቻ ነው፣ ያኔ የተናደድኩትን ያህል እየተናደድኩ። ኋላ የመጣውን ኋላ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት፣ በረዶው ቀልጦ ዛፉ ሊያቆጠቁጥ ሲል ነው። ያኔም እንደዛሬው አንድ ቤት አልረጋም ነበር። ጥቂት ቀን ሴንቴኒያል ትልቁ ልጄ ጋ፣ ጥቂት ቀን ሎውሪ መሀከለኛዋ ጋ፣ ከዚያ አውሮራ ትንሿ ጋ። ሻንጣ የለኝም። አንዲት የጨርቅ ቦርሳ አለችኝ፤ ነጠላዬን፣ መነጽሬንና የጉልበት ቅባቴን ከትቼ በአውቶቡስ እዞራለሁ። ትልቁ ልጄ «እማዬ፣ አንቺ እኮ መናኸሪያ ነሽ» ይለኛል። ሾፌሮቹ ሁሉ ያውቁኛል። ስወጣ «ሃይ ማማ» ይሉኛል፣ እኔም በአማርኛ እመርቃቸዋለሁ።

ያን ሰሞን ትንሿ ልጄ ሴት ልጅ ተገላገለች። መዞሬን ተውኩና አብሬያት አራስ ቤት ገባሁ። ገንፎዋን አገነፋለሁ፣ አጥሚቷን አፈላለሁ፣ ከትራሷ ሥር ብረት አድርጌ አጠገቧ እተኛለሁ። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ይህን እንኳን እኔ፣ እዚህ የተወለዱት ልጆችም ያውቁታል። ሽንት ቤት እንኳ ስትሄድ በሩ ጋ እቆማለሁ። «እማ፣ ልትከተይኝ ነው?» ትለኛለች እየሳቀች። «እከተልሻለሁ፣ ምን ታመጪያለሽ!» እላታለሁ።

በአሥረኛው ቀን ገደማ እንቅልፍ እምቢ አላት። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ዓይኗን አልከደነችም። ከዚያ ወሬዋ ፈጠነ። ሕፃኗን አቅፋ እያየች፣ «እማ፣ ይቺ ሁሉን ታውቃለች፤ አውቃ ነው ዝም የምትለው» አለችኝ። ቀጥሎ ደግሞ ልጄን ለውጠውብኛል ብላ ተነሥታ የጎረቤቱን በር ሁሉ ማንኳኳት ጀመረች። ባሏ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ ቁጡ ያልሆነ ልጅ ነው። እያለቀሰ ናይን ዋን ዋን፣ ለድንገተኛ እርዳታ ደወለ። በእሱ አልፈርድም። መጥተው ወሰዷት። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን መጠየቅ ይቻላል ተባለ። አጥሚቱን በፔርሙስ ሞላሁና መሀከለኛዋ ልጄ በመኪና አደረሰችኝ። «ቀድመሽ ግቢ፣ ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ» አለችኝ። ከታች ያሉት ዘበኞች ፔርሙሱን ያዙብኝ፤ ትኩስ ነገር አይገባም አሉ። ባዶ እጄን ወጣሁ።

ላይ ስደርስ አንዲት ነርስ ስልክ ደውላ አስተርጓሚ አገናኘችኝ። ድምጿ የሚጣፍጥ ያገራችን ልጅ ናት፤ የት አገር ሆና እንደምትናገር አላውቅም። «እናቴ፣ ልጅዎ አሁን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ እረፍት ላይ ናት፤ ትንሽ ይጠብቋት ይላሉ» አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? መረቅኋቸው! ልጄ ስንት ቀን ዓይኗን ሳትከድን አሁን አርፋለች ሲሉኝ፣ «እሰይ፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ እጃችሁ ይባረክ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ» አልኩ። አስተርጓሚዋም ምርቃቱን አንድ ሳታስቀር አስተላለፈችልኝ። ነርሷ ደረቷን ይዛ አመሰገነችኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ያንን ምርቃት ከአየር ላይ ልመልሰው እንደሞከርኩ! የተናደድኩት መጀመሪያ በራሴ አፍ ነው።

ተቀምጬ ስጠብቅ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ዱብ። ዱብ። ዱብ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን መሰለኝ። ከዚያ መሀሉ ላይ የሰው ድምፅ አለበት።

«እማ! ጡቴ! ጡቴ ሊፈነዳ ነው!»

ያ ድምፅ ያሳደግኩት ድምፅ ነው። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ በዚያ በማይረባ ጉልበቴ ኮሪደሩን ሮጥኩት። መጨረሻው ላይ አንድ ወፍራም በር አለ፣ መሀሉ ላይ የመጽሐፍ ገጽ የምታክል መስታወት። በሩ ላይ አንድ ረጅም ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፤ ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሷል፣ ቁልፉ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፏል። ሁለት ሴቶች ከኋላ ሲይዙኝ ዞረ። ሽበታም፣ ጠይም፣ የእኛው ሰው!

«ወንድሜ! ያገሬ ልጅ! ክፈትላት፣ አራስ ናት እኮ!» አልኩት።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «አይቻልም፣ እናቴ» አለኝ። «ትእዛዝ ነው።»

«አራስ ብቻዋን ትተዋለች? አንተን እናት አልወለደችህም?»

«ይቀመጡ፣ እናቴ።»

እናቴ አለኝ! ያ ቃል ከበሩ ይልቅ አቃጠለኝ። ወልጄህ ቢሆን ኖሮ አልኩ በልቤ፣ ወልጄህ ቢሆን ኖሮ ባጠባሁት ጡት ነው የማዝነው።

መሀከለኛዋ ልጄ ደርሳ በእንግሊዝኛ ተሟገተች። የሰጧት መልስ ይህ ነበር፤ ልጄ ሕፃኗን ላጥባ ብላ የመውጫውን በር ስትደበድብ ሊይዟት ቢሉ የአንዷን ነርስ እጅ ቧጨረች፤ ለራሷም ለሌላውም እንድትረጋጋ ለብቻዋ አስገቧት። ወተቷ ስለሞላ ነው የደበደበችው ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያ ነበረች። ሲያወጧት ከአንገቷ እስከ ወገቧ ሸሚዟ ርሷል። ውኃ የደፉባት መስሎኝ ነካሁት፤ ይጣበቃል። ወተት ነው።

ልጆች፣ እኔ ስለተዘጋ ሰው ከማንም አልማርም። ወሎ ውስጥ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ አንዲት አክስት ነበረችኝ፣ የአባቴ እህት። አእምሮዋ ሲናወጥ ጸበል ወሰዷት። እዚያ እንደሷ ያሉት በሰንሰለት ታስረው አየሁ። አልድን ስትል አባቴ የጥጃውን ቤት ጠርጎ አስገባትና ከውጭ መወርወሪያ አበጀለት። ምሳዋን በሰሐን ማስገባትና መወርወሪያውን መመለስ የእኔ ሥራ ነበር። በግድግዳው ስንጥቅ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ፣ ዛሬ ፀሐይ አለ?» አለ እላታለሁ። ዶፍ እየጣለ እንኳ አለ እላታለሁ። አንድ ክረምት እዚያው አለፈች። እንግዲህ እኔም ዘግቼ አውቃለሁ። ልጅ ነበርኩ ብዬ ነው የምጽናናው። ያ ሽበታም ግን ልጅ አልነበረም!

ትልቋ የልጅ ልጄ ኋላ ለትምህርት ቤት የምትጽፈው ነገር ብላ ከስልኳ አንብባልኛለች። ፈረንጆቹም ድሮ የታመመውን ሰው ግንብ ሥር፣ ምድር ቤት በሰንሰለት ያስሩ ነበር። እዚሁ አሜሪካ ደግሞ ክዳን ያለው አልጋ ነበራቸው፤ ሰውዬውን አስተኝተው ከላይ ይከድኑበታል።

«ክዳን? እንደ ድስት?» አልኳት።

«ያ፣ እማማ። ላይክ ኤ ድስት።»

ከዚያ ሰንሰለቱ ነውር ነው ተባለና ፈቱት፤ በምትኩ ግድግዳውን በፍራሽ ለበጡት። ከዚያ ፍራሹም ቀረ። አሁን ስሙ ኳየት ሩም ነው፣ የጸጥታ ክፍል። ስሙ እየለሰለሰ መጥቶ፣ መጥቶ፣ በእረፍት ስም እኔን አስመረቀኝ። ጸጥታውስ ለማን ነው? ውስጥ ላለችው ነው ወይስ ደጅ ለቆሙት?

ልጄ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣች። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ እሱን አልክድም። ሕፃኗን አወቀቻት። ግን ወተቷ ነጥፎ ቀረ። የተዘጋ በር ደግሞ አላስቀምጥ አላት። መኝታ ቤቱ ይከፈት፣ ቁም ሣጥኑ ይከፈት። ሊፍት አትገባም፤ ሕፃን ታቅፋ ደረጃ ለደረጃ ትወጣለች። ባሏ ምስኪን አንድ ቅዳሜ መፍቻውን አነሣና የሽንት ቤቱን በር ከማጠፊያው ነቅሎ በረንዳ ላይ አቆመው። በቦታው መጋረጃ ሰቀልን። እንግዳ ሲመጣ እናፍራለን፤ እንግዳውም ያፍራል፤ ግን ማንም አይጠይቅም።

አንድ ቀን ሕፃኗን እያጠብን ሳለ፣ «ምን ትዝ ይልሻል?» አልኳት።

«ግንባር» አለችኝ። «መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ግንባር። ሦስት ሰዓት ሙሉ አልተነሣም፣ እማ።»

ደሜ ፈላ። ልጄን እንደ ሲኒማ ቆሞ ሲያያት! ዶክተሯን አላውቃት፤ ስሟንም ማንበብ አልችል። ትእዛዙን የጻፉትን የት አገኛቸዋለሁ? እሱን ግን አገኘዋለሁ። አገሩ ሰፊ ቢመስልም አበሻ የሚሰበሰብበት ቦታ ጠባብ ነው። ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ሰርግ አለ። ጠበቅኩት።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት መጀመሪያ ላይ፣ በብርዱ፣ አውሮራ አንድ አዳራሽ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ገባ። ጠያየቅኩ። ከአሥመራ ነው፤ ዕድሜው ወደ ስድሳ ነው፤ አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ሚስቱ ሞታለች። አማርኛውን የተማረው አሥመራ ትምህርት ቤት ነው፤ ቃሉን እንደ ብርጭቆ እየመረጠ ያስቀምጣል፣ አንድም አይጨምርም። አየኝ። ቆቡን አውልቆ፣ ወንበር ለወንበር አልፎ ፊቴ መጣና ጎንበስ አለ።

«እናቴ» አለኝ። «ያን ክፍል የዘጋሁት እኔ ነኝ። እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው።»

አጠገቤ ጎረቤቴ ተቀምጣ ነበር፣ እሷም የአሥመራ ሰው ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማይቻል። እሷ እንኳ አንገቷን አስግጋ ሰማች።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ ትላለህ? አፍህን ሞልተህ?» አልኩት። በዕድሜው እርስዎ ልለው ይገባኝ ነበር። አንተ ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

«አዎ፣ እናቴ። ዛሬም ቢሆን እዘጋዋለሁ።»

ሰማችሁ? ዛሬም ቢሆን! ይቅርታ ሊለኝ የመጣ መስሎኝ ነበር እኮ፤ ጎንበስ ሲል ልቤ ትንሽ ላላ ብሎ ነበር።

«እንግዲያው እኔም ዘግቼሃለሁ» አልኩት። «አንተ በቁልፍ፣ እኔ በዓይኔ። የማንኛችን እንደሚጠና እናያለን።»

ግራ ገብቶት ቆመ። አፉን ከፈተ፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ቆቡን አድርጎ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ መንከራተቴ ሥራ አገኘ። አሁን በአውቶቡስ ስዞር ቦርሳዬ ውስጥ ቅባትና መነጽር ብቻ አልያዝኩም፤ እሱን ይዤ ነው የምዞረው። ሎውሪ ስሄድ አወራለሁ። ሴንቴኒያል ስሄድ አወራለሁ። በርበሬ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ሚዛኑ እስኪደርሰኝ አወራለሁ። የወለደች ስጠይቅ፣ ያዘነ ላጽናና ስሄድ፣ ነገሩን ወደዚያ አምጥቼ፣ አራስ ዘግቶ ሦስት ሰዓት ያያት ሰው እያልኩ አወራለሁ። እኔ ስናገር ድምፄ አይነሣም፤ ለስላሳ ነኝ፤ ለዚያ ነው ሰው ያመነኝ። ጯሂ ብሆን ኖሮ ግማሹ ይተወው ነበር። ሴቶቹ «ወይኔ እናቴ፣ አንጀቴን በላሽው» ይሉኛል። ከዚያ እነሱም ይዘጉታል።

እንዴት እንደተዘጋ ልንገራችሁ፤ ማወቅ ከፈለጋችሁ። ለቅሶ ቤት ሲገባ ግራና ቀኙ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። በዓል ላይ በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ የእሱ ነው፤ ብቻውን ይበላል፣ ያጎረሰው ሰው አላየሁም። መኪናው መንገድ ላይ ቆማ አንዱ ያገራችን ታክሲ ነጂ አይቶት እንዳለፈ የልጄ ባል ነገረኝ። ሲነግረኝ እሱን ደስ አላለውም። እኔን ደስ አለኝ። ልጁን የዳረ ጊዜ ከተጠራው ሰው ብዙው አልሄደም። የሄደች አንዲት ሴት አውቶቡስ ላይ ሳገኝ፣ «አዳራሹ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ኧረ ተዪኝ፣ ሙሽራዋ ባዶ ወንበሮቹን እያየች ስታለቅስ ኩሏ ወረደ» አለችኝ።

ያን ቀን በደንብ በላሁ፣ በደንብ ተኛሁ። የምዋሸው ነገር የለም፤ ልጆች፣ ጣፈጠኝ። የእኔ ሙሽራስ? የእኔ አራስ?

ጎረቤቴ ብቻ ነበረች የምትናገረኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቂምሽ ጡረታ አይወጣም እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ በረንዳዋ ላይ ፀሐይ እየሞቅን።

«እኔስ መች ወጣሁ!»

«ሰውዬው የሆስፒታሉን ሥራ ከተወ ቆየ ይላሉ። ጠይቀሽው ታውቂያለሽ፣ ለምን እንደተወ?»

«የዘጋሁትን ሰው ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ?»

«ምላስሽን ለአንድ ቀን አውሺኝ፣ እኔ ልጠይቀው።»

«የራስሽ መች አነሰሽ!» አልኳት፤ ሳቅን፤ ነገሩ በሳቅ አለፈ። እሷም አልጠየቀችውም፤ እኔን ፈርታ መሆን አለበት።

ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ላይ የእህቴ ልጅ ሲያትል ወለደችና አራስ ልጠይቅ ተነሣሁ። ትልቁ ልጄ ኤርፖርት አደረሰኝ። ጉልበቴ ብሶበት ስለነበር፣ «ዊልቸር ኦርደር አድርጌልሻለሁ፣ እማዬ፤ አንድ ሰው እስከ አውሮፕላኑ በር ይገፋሻል» አለኝ። ሻንጣ ማስረከቢያው ጋ ቆመን ስንጠብቅ፣ ዊልቸሩን እየገፋ የመጣው ማን ሆነ? ሽበታሙ! አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት የሥራ ልብስ ለብሷል። የእኔን ስም የያዘች ወረቀት በእጁ ናት።

«ይቀመጡ፣ እናቴ» አለኝ።

ያንኑ ቃል! ይቀመጡ፣ እናቴ! ኮሪደሩ ላይ ያለኝን!

«በእግሬ እሄዳለሁ» አልኩ ለልጄ። ለእሱ አይደለም፤ እሱ ዝግ ነው።

«እማዬ፣ እባክሽ፣ ጌቱ፣ መሳፈሪያው በር ሩቅ ነው።»

«ሩቅ ከሆነ ቀድሜ ልነሣ።»

ሄድኩ። ጉልበቴን እየጎተትኩ ፍተሻውን አለፍኩ፤ ወደ ምድር ውስጡ ባቡር ወረድኩ፤ ባቡሩ ላይ ብረቱን ይዤ ቆምኩ። እሱ ባዶውን ዊልቸር እየገፋ ከኋላዬ፣ ሁለት እርምጃ ርቆ። ስቆም ይቆማል፤ ስሄድ ይሄዳል። ከፍተሻው ሠራተኞች አንዷ ያገራችን ልጅ ናት፤ አይታን ሳቋ መጣ።

«እማማ፣ ወንበሩ ለማን ነው?»

«ለእሱ ነው» አልኳት። «ሰው መጠበቅ ያደክማል አሉ፤ ሲደክመው ይቀመጥበት።»

ሰማኝ። እንዲሰማኝ ነው ያልኩት። ጌቱ ጋ ስደርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ውኃ ገዝቶ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠና፣ «በሰላም ይግቡ፣ እናቴ» ብሎ ዊልቸሩን እንደ ባዶ አልጋ እየገፋ ሄደ። ውኃውን አልነካሁትም። ሲያትል ሁለት ሳምንት ጉልበቴ እንደ ድንች አብጦ ተኛሁ፤ አራሷ ነች እኔን የጠየቀችኝ። አንድ ቀን እንኳ አልቆጨኝም።

ትንሿ ልጄ እየዳነች ሄደች። ዓመት ቆጥራ ሊፍት ገባች፤ መጀመሪያ ከእኔ ጋር፣ ኋላ ብቻዋን። የሽንት ቤቱ በር ከበረንዳ ተመለሰ። ከዚያ ትምህርት ተምራ፣ እንደሷ ከወሊድ በኋላ የታመሙ እናቶችን የምታግዝ ሠራተኛ ሆነች። እንዴት እንዳደረገችው እኔ እናቷም አላውቀውም። ሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ ላይ ያው ሆስፒታል፣ ያው ፎቅ፣ መጥተሽ ሠራተኞቻችንን አናግሪልን ብሎ ጠራት።

«እሄዳለሁ፣ እማ። ክፍሉንም አሳዩኝ ብያለሁ፤ በእግሬ ገብቼ በእግሬ ልወጣ» አለችኝ።

«እኔም እመጣለሁ።»

«አንቺ ምን ልታደርጊ?»

«በሩ ላይ ልተፋበት።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልዴን አልነበረም።

ንግግሯን ስትጨርስ አንዲት አሮጊት ነርስ፣ ጡረታ ልትወጣ ሳምንት የቀራት፣ ኮሪደሩን ይዛን ሄደች። በሩ ያው ነው። መስታወቷም ያችው። ልጄ እጄን ያዘች። እኔ ምራቄን አጠራቅሜ ቆሜያለሁ። ነርሷ በሩን ከፈተችው።

ውስጡ እስከ ጣሪያው ዕቃ ነው። የተደራረበ ወንበር፣ የተሰበረ ፋን፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የገና ዛፍ። ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም።

ምራቄን ዋጥኩት።

ልጄ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት፤ ነርሷ ረጅም ወሬ አወራች። ልጄ እያዳመጠች ቀስ ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። እጇን ጎተትኳት፤ «ምን አለች? ንገሪኝ እንጂ!»

«አንድ ሠራተኛ ነበረን ነው የምትለው» አለችኝ። «ያገራችሁ ሰው፣ ሽበታም። በሩ ላይ አቁመውት ውስጥ ያለችው ሴት በቋንቋው የጮኸችውን ሁሉ ሰምቶ ያን ቀን ቁጭ ብሎ ጻፈው። ጡቴ ሊፈነዳ ነው ያልኩትን፣ እማ ያልኩትን፣ አንድ ቃል ሳያስቀር፣ ከእነ ትርጉሙ። አለቆቹ ተወው ቢሉት እምቢ ብሎ ለተቆጣጣሪዎች ላከው። ወራት ፈጅቶ ተቆጣጣሪዎቹ መጡና ከእንግዲህ ሰው አይገባበትም አሉ። እማ፣ ክፍሉን የዘጋው እሱ ነው።»

እሱ የት ሄደ ብለሽ ጠይቂልኝ አልኳት። ጠየቀችልኝ። በዚያው ነገር ከሥራ አስወጡት አለች ነርሷ፤ ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት የጀመረው ክፍሉ በተዘጋ በሳምንቱ ነው።